ያዝኩ፣ ልቀቅ

ጋራዡ ውስጥ ሁለቱን አማቾች በስማቸው የሚጠራ የለም። አንደኛው በርሜል ነው፣ ሌላው ሽቦ። ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ የሚያስፈርመው ሰውዬ ብቻ ሲሆን እሱም አንዳንዴ የአንዱን ለሌላው ይሰጠዋል። በርሜል ደረተ ሰፊ፣ አንገተ አጭር፣ ሲስቅ ሆዱም ትከሻውም አብረውት የሚስቁ ሰው ነበር። ሽቦ ደግሞ ቱታው ውስጥ ሌላ አንድ ሰው ቢጨመርበት የማይጠበው ቀጫጫ ነው። በርሜል የሽቦን ታናሽ እህት ካገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ከሽቦ ጋር የሚኒባስና የፒክአፕ ፍሬን መሥራት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ፍሬን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት ግድ ነው፤ አለዚያ ቀሪው ወሬ አይገባም። ፍሬን ተፈትቶ ሲገጠም ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። አየር የገባበት ፍሬን ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይላላል እንጂ መኪና አያቆምም። ያን አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጥና በመጨረሻ ተጭኖ ይይዘዋል፤ «ያዝኩ!» ይላል። ሌላው ከመኪናው በታች በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከጎማው ሥር ቆሞ አንዲት ትንሽ ብሎን ይከፍታል፤ ዘይቱ አረፋ እየተፋ ይወጣል፤ ብሎኗን መልሶ ያጠብቅና «ልቀቅ!» ይላል። ላይ ያለው፣ ልቀቅ ሳይባል እግሩን ካነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ድካሙን ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ታች ላለው የላዩ እግር አይታየውም፣ ላይ ላለው የታቹ እጅ አይታየውም። ያላቸው ቃል ብቻ ነው። በርሜልን ጉድጓዱ ስለማይችለው ሁልጊዜ ላይ ነው፤ ሽቦ ሁልጊዜ ታች። በዚያ ሁሉ ዓመት በርሜል ያዝኩ ብሎ ያልያዘበት፣ ሳይባል የለቀቀበት አንድ ቀን የለም። ሽቦ በዚህ ይኮራ ነበር፤ ሲጠጣ ደግሞ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያወራዋል።

እንዲህ ላይና ታች ሆነው ሲሠሩ ስለማይተያዩ፣ ፊት ለፊት የማይወራውን ሁሉ ያወሩ ነበር። የሽቦ ሚስት የሞተች ጊዜ ሽቦ ያለቀሰው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። በርሜል ፔዳሉን እንደረገጠ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ዝም ብሎ ጠበቀው።

ነገሩ የጀመረው የበርሜል ሚስት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ወንድሟ ቤት በመጣች ጊዜ ነው። አርባ ሦስት ዓመት ቢሞላትም ለሽቦ ያው ሚጡ ናት። ገብታ ሳትቀመጥ ወጥ ቤት ያገኘችውን ያልታጠበ ብርጭቆ ሁሉ ማጠብ ጀመረች። ሚጡ እንዲህ ብርጭቆ ላይ ስትበረታ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ወንድሟ ያውቃል።

«ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ግን ንገረኝ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ሌላ ሴት ይዟል?»

«ማን?»

«ማንን እንዳልኩህ ታውቃለህ።»

ሽቦ ሳቁ አመለጠው። በርሜልና ሴት! ከጋራዥ ቤቱ፣ ከቤቱ ጋራዥ፤ በመሀል የሚያውቀው ነገር ቢኖር ዳቦ ቤቱን ነው። ሚጡ ግን አልሳቀችም።

«ስምንት ወር ሆነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ከጀመረ። እጄን ሳስጠጋ እሳት እንደነካው ሰው ይሸሻል። ደከመኝ ይላል፣ ወገቤን ይላል። እንግዲህ ወይ አርጅቼበታለሁ፣ ወይ አስጠልቼዋለሁ፣ ወይ ሌላ አለች። ካለች ንገረኝና ልብሴን ይዤ ልውጣ። ከግድግዳ ጋር ተጋብቼ አልኖርም።»

«ማንም የለችም። በእናታችን አጥንት።»

«እንግዲያው ምን ሆኖ ነው?»

ሽቦ ምን ሆኖ እንደሆነ አያውቅም። ብርጭቆው ሁሉ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ሚጡ ዐይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ሄደች። ሽቦም ሰኞ ሲደርስ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ ብሎኗ ላይ ቁልፉን አድርጎ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ ጠየቀ።

«እህቴን ምን ሆነህ ነው የምታስለቅሳት?»

ከላይ ፔዳሉ ሁለት ሦስቴ ተረገጠ።

«ያዝኩ» አለ በርሜል በቀጭን ድምፅ።

ሽቦ ከፈተ። ዘይቱ አረፋውን ተፋ። ዘጋ። «ልቀቅ። ጠይቄሃለሁ።»

«እኔ ምልህ ሽቦ...» ፔዳሉ እንደገና ተረገጠ። «ያዝኩ። ስኳሩ ነው መሰለኝ። አልቻልኩም።»

«ምኑን?»

«አንተ ሰውዬ፣ በአማቼ ፊት በአፌ ልታስጠራኝ ነው እንዴ? አልቻልኩም አልኩህ እኮ! ሚስቴ አጠገብ ስተኛ እንጨት... እንጨትስ በሆንኩ! እርጥብ ጨርቅ ነኝ።»

ሽቦ ጉድጓዱ ውስጥ ፊቱ ፍም መሰለ። የገዛ እህቱ ነገር ነው። ብሎኗን መክፈቱንም ረሳው።

«እግሬን ልልቀቅ?» አለ በርሜል።

«ቆይ። አልከፈትኩም።»

«ፊቷን ማየት አቃተኝ። ትታኝ ትሄዳለች፣ ሽቦ። ብትሄድ ደግሞ አይፈረድባትም።»

ሽቦ ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ከፈተ፣ ዘጋ፣ «ልቀቅ፤ እኔ አንድ ነገር አደርጋለሁ» አለ።

ያደረገው ነገር በመጀመሪያ ደህና ነበር። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ አንድ ፋርማሲ ሄዶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ወደ መስኮቷ ተጠግቶ በሹክሹክታ ጠየቀ። ፋርማሲስቷ ወጣት፣ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅ የማትቆጥብ ልጅ ናት።

«ለወንዶች የሚሆነውን ነው የሚፈልጉት? ለራስዎ ነው?»

ከኋላው የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ሳቀ።

«ለጓደኛዬ ነው፤ ስኳር አለበት።»

ሳቁ ጨመረ። ልጅቷ ነገሩ ገብቷት ወደ ጥግ ጠራችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን ያለ ሐኪም ወረቀት አልሰጥም። ራሱ ይሂድ፣ ግፊቱ ይለካ፣ ልቡ ይታይ። ስኳር ያለበት ሰው ልቡም ደህና ላይሆን ይችላል። ለደረት ሕመም ምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን አለ፤ ይሄኛውን የወሰደ ሰው ያን ከወሰደ ግፊቱ ድንገት ወርዶ ይሞታል። ከመንገድ ደግሞ እንዳትገዙ። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።»

«ምላስ ሥር የሚያደርገው ነገር የለም» አለ ሽቦ። ያን ጊዜ እውነቱን ነበር።

ለበርሜል የነገረው ግማሹን ነው። ሐኪም ዘንድ ሂድ ብላለች አለው። በርሜል መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ራሱን ነቀነቀ። «ሐኪም ዘንድ ሄጄ ምን ልበል? እዚያ ያሉት ሁሉ የልጄ እኩዮች ናቸው። ሱሪህን አውልቅ ቢሉኝስ?» ሌላው መንገድ ኮረንቲ ነበር። ኮረንቲ የጋራዡ ኤሌክትሪሽያን ነው፤ የመኪና አምፖል በሚያስቀምጥበት ካርቶን ሥር ሌላ ሸቀጥ እንዳለው ከዘበኛው እስከ ቀለም ቀቢው የማያውቅ የለም። ኪኒኖቹን አራት አራት እያደረገ በኤሌክትሪክ ሽቦ መጠቅለያ ጥቁር ፕላስተር ይጠቀልላቸዋል። ወረቀት የላቸውም፣ ማሸጊያ የላቸውም፣ አንዱ ደማቅ ሰማያዊ ሌላው ፈዛዛ ነው። ጎማ ሠሪው ወስዶ ሁለት ቀን ራሱን አስሮ ውሏል። ቀለም ቀቢው ነጩን መኪና ሰማያዊ ነው ብሎ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቷል። አንዱ ደግሞ ኖራ ነው የሸጥክልኝ ብሎ የኮረንቲን አንገት ሊያንቅ ደርሷል። ይህ ሁሉ ጋራዡ ውስጥ የሚወራው እንደ ቀልድ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይስቅና በሳምንቱ ተመልሶ ይገዛል።

በርሜል ኮረንቲን መጠየቅ አልቻለም፤ ኮረንቲ አፉ በር የለውም። ስለዚህ ሽቦ ለራሴ ነው ብሎ ጠየቀ።

«ለራስህ?» ኮረንቲ ካርቶኑን ትቶ ቀና አለ። «ሚስት የለህ፣ ምን የለህ፤ ለማን ነው? ለጉድጓዱ ነው?»

እስከ ምሳ ድረስ ጋራዡ ሁሉ ሰማ። ሽቦ ዛገ፣ ሽቦ ታጠፈ፣ ሽቦ ኮረንቲ አልሄድበት አለ፤ ያልተባለ ነገር የለም። ሽቦ አንገቱን ደፍቶ ቻለው። በርሜል ከመሪው ኋላ ሆኖ ሲሰማ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት አምስት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በርሜል እያፏጨ ይገባ ጀመር። አንድ ቀን ሽቦ እህቱን ገበያ ላይ አገኛት፤ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ እንደ ልጅነቷ ክንዱን ቆንጥጣው ሳቀች። «ተሳስቼ ነበር ወንድምዓለም፤ የነገርኩህን ሁሉ እርሳው» አለችው። ሽቦ ቤቱ እስኪደርስ ብቻውን ፈገግ እያለ ሄደ። ፋርማሲስቷ ትዝ ካለችውም እንደ አንዲት ወሬኛ ልጅ ነው።

እሑድ ከሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። ሚጡ ናት፤ የምትለው አይሰማም። ሽቦ ከሦስት ቤት በላይ ስለማይርቅ በነጠላ ጫማው ሮጠ። በርሜል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ደረቱን በቡጢው ተጭኖታል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ለጥገና የመጣች አንዲት ፒክአፕ ሽቦ ዘንድ ነበረች፤ ደግፈው ከኋላ ወንበር አስገቡት። ሚጡ መታወቂያና የስኳር ካርዱን ልታመጣ ተመልሳ ስትሮጥ በርሜል የሽቦን እጅጌ ጨመደደ።

«ሁለት ነው የወሰድኩት» አለ። «የባለፈው አልሠራ ብሎኝ... ዛሬ ሁለት። ለእሷ እንዳትነግራት።»

«ዝም በል፤ አትናገር።»

«ለኔ ብሎ መስሏታል፤ ወዶኝ ነው ብላ ነው የምታስበው። ከኪኒን መሆኑን እንዳታውቅ። ለማንም። እሷ ባለችበት ለማንም።» እጅጌውን ሳበው። «ያዝክ?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ቃል የሚለው በርሜል ነበር። ሽቦ አንድ ቀንም ብሎት አያውቅም።

«ያዝኩ» አለ።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ጠባብ ነው፤ በአልጋና በአልጋ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። በርሜልን አስተኝተው ደረቱ ላይ ሽቦዎች ለጠፉበት፣ አፉ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አደረጉለት። ሐኪሟ እጇ የፈጠነ፣ ዐይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ናት።

«ዛሬ የወሰደው መድኃኒት አለ?»

«የስኳሩን ብቻ» አለች ሚጡ ፈጠን ብላ። «ጠዋት እኔው ነኝ የሰጠሁት።»

«ሌላስ? ከመንገድ የተገዛ፣ ሰው የሰጠው፣ ለጉልበትም ይሁን ለምንም? አትፈሩ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም።»

«ኧረ ምንም! የሚውጠውን ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። «አባቴ፣ እርስዎስ? የዋጡት ነገር አለ?» በርሜል ከጭንብሉ ሥር ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ቀና ብላ ሽቦን አየችው። «እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«አማቹ ነኝ።»

«የሚያውቁት ነገር አለ?»

በርሜል ያየዋል። ሚጡም ታየዋለች፤ ጉንጯ ላይ ገና ያልደረቀ እንባ፣ እግሯ ላይ ያ አዲሱ ጫማ አለ።

«የለም» አለ ሽቦ።

ሐኪሟ ለነርሷ አንድ ነገር ተናገረች። ነርሷ ከትንሽ ጠርሙስ ምስር የምታክል ኪኒን መዳፏ ላይ አወጣች። ሐኪሟ ጭንብሉን ገለጥ አድርጋ «ምላስዎን ያንሱልኝ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ለሽቦ የገባው። መነጽር ያደረገችው ልጅ ጥግ ይዛው የነገረችው ነገር ከነድምጿ መጣበት፤ ምላስ ሥር፣ ግፊቱ ድንገት ወርዶ። ነርሷ ገና ጣቷን አላስጠጋችም። ጊዜ ነበረው። ብዙ አይደለም፣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚበቃው ጊዜ ነበረው።

«ዶክተር» አለ።

«አቤት?»

ሚጡ ወደ እሱ ዞረች። በርሜልም ዐይኑን ከእሱ አልነቀለም፤ ያ ዐይን ይለምናል። ቃል ሰጥቶታል። እህቱ ደግሞ ገበያ ላይ ክንዱን ቆንጥጣው የሳቀችው ሳቅ ገና ከጆሮው አልወጣም። ምናልባት ሌላ ኪኒን ይሆናል ብሎ አሰበ። ምናልባት ያች ልጅ አጋንናው ይሆናል። ሰው ሲፈራ ምናልባት የሚለው ነገር አያጣም።

«ውሃ አይሰጠውም ወይ ብዬ ነው» አለ።

«አያስፈልገውም፤ ራሱ ይሟሟል።»

ተሟሟ። ብዙም አልቆየ። በርሜል መጀመሪያ ፊቱ ቀለለው፤ ሚጡን በጣቱ ጠርቶ እጇን ያዘ። ከዚያ ማሽኑ ሌላ ድምፅ አሰማ፣ ነርሷ አልጋውን ከእግሩ በኩል ቀና አደረገች፣ ሐኪሟ ጮኸች፣ መጋረጃው ተዘጋ። ሚጡን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አቅፋ አስወጣቻት። ሽቦ ኮሪደሩ ላይ መድኃኒት ልታመጣ ከወጣችው ሐኪም ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ያን ጊዜ አፉ ተከፈተ። ሁሉንም ነገራት። ሁለት ነው አለ፣ ከማን እንደተገዛ አለ፣ መቼ እንደዋጠ አለ።

ሐኪሟ «አሁን?» አለች። ሮጣ ገባች። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ታገሉለት።

ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። «ቀድመው ቢነግሩኝ ያን ኪኒን አልሰጠውም ነበር» አለችው በቀስታ። «ልቡ ታሞ ነበር፤ ግን የሚታከም ነበር። ሌላ ብዙ ነገር ነበረን።» ቁጣ እንኳን አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ሽቦ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ እህቴ እንዳትሰማ አላት። ሐኪሟ ወደ ቀጣዩ አልጋ ሄደች።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሽቦ ከሁሉ ቀድሞ ጋራዥ ገባ። የበርሜልን ሳጥን ከፍቶ፣ ከቱታው የደረት ኪስ ያን በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ አንዲት ፈዛዛ ኪኒን ቀርታለች። ሽንት ቤት ጣላት፣ ውሃ ደፋባት። ሲወጣ ኮረንቲ በሩ ላይ ቆሟል።

«ለራስህ ነበር አይደል የወሰድከው?» አለ ኮረንቲ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ለራሴ ነው።»

«እኔም ብዬ ነው... ያው ሰው ብዙ ያወራል።» ኮረንቲ ተነፈሰ። ሁለት ሳምንት ያህል ካርቶኑን ቤቱ አቆየው፤ ከዚያ መልሶ አመጣው። ጎማ ሠሪው የመጀመሪያው ገዢ ነበር።

ሚጡ የባሏን ዕቃ ልትወስድ የመጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሽቦ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር፤ ላይ ከማርሽ ክፍል የተዛወረ አንድ ደህና ሰው ተቀምጧል። ድምጿን ሲሰማ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሳጥኑን ከፈተላት። ፎጣ፣ ኩባያ፣ አሮጌ ጫማ፣ የእሷ የወጣትነት ፎቶ፣ ቱታ። ሁሉን በከረጢት ከተተች። ቱታው ላይ ሲደርሱ ግን እጇን ወደ ደረት ኪሱ አስገባች። ፈተሸች። ባዶ ነው።

«አንተ ነህ የወሰድከው፣ ወይስ ጨርሶት ነው?» አለች።

«ምኑን?»

ሚጡ ከአጠገቧ ባለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ቱታውን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ቱታውን ማን የሚያጥበው መሰለህ? ኪስ ሳልፈትሽ አላጥብም። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ፕላስተሩን ፈታሁት። አራት ነበሩ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እንደነበረው ጠቅልዬ፣ ቱታው ሲደርቅ እዚያው ኪሱ መለስኩት። በየሳምንቱ እንደዚያ አደርግ ነበር። እንዳወቅሁ እንዳያውቅ።»

ሽቦ አፉን ያዘ።

«ደስ ብሎት ነበር እኮ፣ ወንድምዓለም። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በኪኒኑ መሰለህ? ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል! ግድግዳውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ለእኔ ብሎ ሲለፋ አየሁት። ሌላው ነገር ባይኖርስ ምን ገዶኝ፤ እጄን ይዞ ቢተኛ ይበቃኝ ነበር። ይህንኑ ልነግረው ዛሬ ነገ ስል...»

ከመኪናው ውስጥ አዲሱ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ይሰማል።

«ዶክተሯ ስትጠይቀኝ አንተ አጠገቤ ቆመሃል። ባሌን በወንድሜ ፊት እንዴት ላዋርደው? የሥራ ጓደኛህ ነው፤ ነገ በምን ዐይኑ ያይሃል? ምንም አልወሰደም አልኩ። ለአንተ ብዬ... አይደለም፣ ለእሱ ብዬ። እንቅልፍ የለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው።» ቀና ብላ አየችው። «ብናገር ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

መልሱን ከሐኪሟ አፍ የሰማው እሱ ብቻ ነው። ያች ልጅ ያስጠነቀቀችው እሱን ነው። ኪኒኑን የገዛው፣ ዶክተር ብሎ ጠርቶ ስለ ውሃ የጠየቀው እሱ ነው። ሚጡ ያላወቀችውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህን ቢነግራት ሸክሙ ከእሷ ትከሻ ወርዶ ወደሚገባው ቦታ ይሄዳል፤ እሱም ከእናቱ የቀረችለትን አንዲት እህት ያጣል።

«አይተርፍም ነበር» አለ። «ልቡ አልቆ ነበር። ብትናገሪም ያው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዶክተሯ ነግራኛለች።»

ሚጡ ቱታውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚተነፍስ ሰው። ከዚያ ዐይኗን ጠርጋ ተነሳች።

«አንተ ምንም አታውቅም ነበር አይደል?»

«ምንም።»

«ይቅር በለኝ፤ ከአንተ ደብቄህ ነው። አንተ ብታውቅ ኖሮ ትናገር ነበር፤ እኔ አውቅሃለሁ።» አቅፋ ጉንጩን ሳመችው። «ይቅር ብዬሻለሁ በለኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

ከረጢቱን ይዛ በጋራዡ በር ስትወጣ እስክትርቅ አያት። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ቁልፉን ብሎኗ ላይ አደረገ።

«ሽቦ፣ ያዝኩ!» አለ አዲሱ ሰው ከላይ።

ሽቦ መክፈት አልቻለም። እጁ ቁልፉ ላይ ነው፤ ቁልፉ ብሎኗ ላይ ነው። አንድ ሰው ያዝክ ብሎት ያዝኩ ብሎታል። ልቀቅ የሚለው ሰው ግን አፈር ውስጥ ነው፤ ከእሱ ሌላ ልቀቅ ሊለው የሚችል ቢኖር አሁን ይቅር ያላት እህቱ ናት፣ እሷ ደግሞ ምን እንደያዘ አታውቅም፣ አይነግራትምም። ያን ጊዜ፣ ከዚህ ወዲያ ማንም ልቀቅ እንደማይለው ገባው። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ፤ ላይ ያለውም ሰው በርሜል አልነበረምና ዝም አላለውም።

«ያዝኩ እኮ ነው የምልህ! ከፍተሃል ወይስ አልከፈትክም? እግሬ ደነዘዘ!»

መልስ ሲያጣ፣ ጠብቆ ጠብቆ፣ እግሩን አነሳና ከመኪናው ወርዶ ውሃ ሊጠጣ ሄደ።